አመዶ አልበላም ያለ ሰሞን

የአባቴ ሚስት አመዶን በመርዝ ልትገድለው እንደሆነ ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። አወቅሁ ስል፣ ያኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ልጅ ደግሞ አንዴ አወቅሁ ካለ የሚያስጥለው የለም፤ አራት አሳድጌ አይቼዋለሁ።

አመዶ ቺንቺላ ነው። ላላያችሁት፣ የጥንቸል ግልገል የሚያህል፣ ጆሮው ሰፊ፣ ጭራው እንደ ብሩሽ የተንጨፈረረ፣ ጠጉሩ አመድ የመሰለ እንስሳ ነው። እጃችሁን ስታሳርፉበት ምን ላይ እንዳረፈ አይታወቃችሁም፣ እንደዚያ ይለሰልሳል። የሰጠን የአባቴ ደንበኛ የነበረ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ነው። ሰውዬው አገር ለቆ ሲሄድ አመዶን ከነሽቦ ቤቱና ከአንድ ጆንያ ድርቆሽ ጋር አምጥቶ አባቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና "ልጅህ ትወደዋለች" ብሎ ወጣ። አያቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና፣ "ሰው አይጥ ከቤቱ ለማስወጣት ድመት ይገዛል፤ የኔ ልጅ ቤት ሠርቶ ያስገባል!" አለች።

አባቴ ጥርስ ሠሪ ነበር። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሞቹ የነቀሉትን የሚተካ ሰው ነው። የፊተኛው ክፍል ሥራ ቤቱ ነበር። ስትገቡ የጀሶና የቀለጠ ሰም ሽታ ይቀበላችኋል። መደርደሪያው ላይ ድድ ብቻ የሆነ አፍ፣ ግማሽ ጥርስ ያለው አፍ፣ ሙሉ አፍ፣ ሁሉም ተደርድሮ ይስቅባችኋል። ደንበኞቹ አፋቸውን በመሀረብ ሸፍነው ይገባሉ፣ ገልጠው ይወጣሉ። እኔን ሰፈር ውስጥ "የጥርሱ ልጅ" ነበር የሚሉኝ።

አያቴን እማማ ነው የምላት። የአባቴ እናት ናት። እሷ አንድም ጥርስ አልነበራትም። ልጇ ሦስት ጊዜ ሠርቶላት ሦስቱንም ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትታቸዋለች፤ ስትጠየቅ "ለክፉ ቀን ነው" ትላለች። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሞተች ጀምሮ የምታበስለው እማማ ስለሆነች፣ ቤታችን ውስጥ የሚበላው ሁሉ ለሷ ድድ የተሠራ ነበር። ድንቹ ተፈጭቶ፣ ሥጋው ቀልጦ፣ ዳቦው ወተት ውስጥ ሰጥሞ። እኛ ቤት የተወደደ ሰው ምግቡ ይለሰልስለታል። አመዶም ተወደደ። ድርቆሹን እማማ አገላብጣ አየችውና፣ "ይሄን የመሰለ ፍጥረት ይሄን እሾህ አብልተው ጉሮሮውን ሊያደሙት!" ብላ ለጎረቤት ዶሮዎች መተኛ ሰጠችው። በምትኩ በወተት የራሰ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ዘቢብ እንሰጠው ጀመር። ዘቢብ ሲያይ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ይዘረጋልኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ስንኖር ነው እሷ የመጣችው።

እሷ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነበር የምትሠራው። ማኘክ ላቃተው፣ መዋጥ ላቃተው በሽተኛ ምግብ የምታዘጋጅ ነች። አባቴ የበሽተኞች ጥርስ ሊለካ ሲመላለስ ተዋወቁ፣ ተጋቡ። ስትመጣ የያዘችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ትንሽ ሚዛን፣ እና መርፌ የሌላቸው ስሪንጆች የተደረደሩበት አንድ ቆርቆሮ ነው። አባቴ "እትዬ በያት" አለኝ። በአፌ እትዬ እላታለሁ፣ በሆዴ "እሷ" ነች። እማማ ደግሞ "የሆስፒታሏ" ነበር የምትላት።

እኔ አላመንኳትም። ጫማዋ ሶሉ ጎማ ነው፣ ስትመጣ አይሰማም። ዘወር ስትሉ ኋላችሁ ቆማለች። ትንሽ ነው የምታወራው። ጠዋት ጠዋት አመዶን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ትመዝነውና ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሰው የሚመዝነው የሚበላውን ነው፣ ወይም የሚሸጠውን። አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጥታ አመዶን ዳበሰችና፣ "ኧረ ይሄ ጠጉር! ካፖርት ላይ ኮሌታ ቢሆን ስንቱን ያስቀና ነበር" አለች። እሷ ሳቀች። ካፖርቷ ኮሌታ አልነበረውም። እኔ ይሄን ልብ አልኩ።

አመዶ መብላት ያቆመው ሰኞ ነው። ጠዋት የሰጠሁት ዳቦ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዳለ ጠበቀኝ። ብስኩት ሰጠሁት፣ አሽትቶ ዞረ። አገጩ ሥር ያለው ጠጉር በለሃጭ ርሷል። ጥግ ገብቶ እንደተቀየመ ሰው ግድግዳ ያያል።

"እማማ፣ አመዶ አኮረፈ።"

"ተይው። ሲርበው ይበላል። አባትሽም በልጅነቱ እንደሱ ነበር።"

እሷ ግን ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሽቦው ፊት ተንበረከከች። ከሥር የተነጠፈውን ጋዜጣ ስባ በጠጡን በጣቷ ለየችው። ቆጠረችው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። "አንሷል" አለች ለራሷ፣ "ደግሞ ጠጥሯል።" ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"ምን ምን ነው የምትሰጪው?"

"ምንም።"

"ብስኩት?"

"አልፎ አልፎ።"

"ዘቢብስ?"

"እኔ እንጃ።"

የሽቦውን በር ከፈተች። ቀጥላ ዳቦውን፣ ብስኩቱን፣ የወተቱን ሳህን አንድ በአንድ አወጣችና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከኔ በቀር ማንም ምንም አይሰጠውም" አለች። ማክሰኞ ጠዋት ሽቦው ውስጥ የነበረው ውሃና ከመኖ ሻጭ ያመጣችው አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ብቻ ነው።

እማማ ሣሩን አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ነገ ደግሞ ለኔ ገለባ ታቀርብልኛለች" አለች።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጓዳ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቦርሳዬን ቀስ ብዬ አስቀምጬ በስንጥቁ አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ትወቅጣለች። አረንጓዴ ብናኝ ከሙቀጫው እየተነሳ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይንሳፈፋል። በወንፊት ነፋችው፣ የቀረውን መልሳ ወቀጠች፣ ደግሞ ነፋች፣ ሦስተኛም ነፋች። ለብ ያለ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጋ አሸችው። ከዚያ አንድ ስሪንጅ አነሳች፣ ሞላችው፣ አንዲት ጠብታ እጅ አንጓዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አመዶን በፎጣ ጠቅልላዋለች፣ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየው። ስሪንጁን ከአፉ ጎን አስገባችና በአውራ ጣቷ ገፋችው። ተንፈራገጠ። አረንጓዴው በከንፈሩ ጥግ ወረደ።

"ዋጥ፣ ዋጥ የኔ ጌታ" ትለዋለች፣ "ቀስ እያልክ።"

ብትቆጣው አይደንቀኝም ነበር። ማባበሏ ነው ፀጉሬን ያቆመው።

መርዝ የሚወቅጥ ሰው ሦስት ጊዜ አይነፋም፣ ሙቀቱንም በእጅ አንጓው አይለካም። ይሄን ለማወቅ የራሴን ልጆች በጡጦ እስካሳድግ ጊዜ ወሰደብኝ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሥራ ቤቱ በር ሥር ቁጭ ብዬ የቤት ሥራ የምሠራ መሰልኩ። የአባቴ መሞረጃ ማሽን ቆመ። ሲያወሩ ሰማሁ።

"እስከ መቼ ይቆያል?" አለ አባቴ።

"ካልበላ እስከ ዓርብ አይደርስም።"

"ለልጅቷ ምን እንበላት?"

"ምንም። እንዳትነግራት አደራ። ከጠላችም እኔን ትጥላ፤ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ።"

"አንቺ ደግሞ..."

"አደራ አልኩህ እኮ!"

ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? ቀኑን ቆርጣለች፣ አባቴን አስምላለች። አንድ ቃል አላመለጠኝም። ያልሰማሁት፣ ምኑን እንዳይነግረኝ እንደለመነችው ብቻ ነው። ስተኛ ተንበርክኬ ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ አጋልጣት። ከቻልክ እስከ ሐሙስ።" ለጥንቃቄ አንድ ቀን አተረፍኩ። እግዚአብሔር የልጅ ጸሎት ይሰማል። ያንንም ሰምቶታል፤ ማንን እንደሚያጋልጥ ግን እኔን አላማከረኝም።

ረቡዕ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። እሷ ሥራ ገባች፣ እማማ ፀሐይ ልትሞቅ ደጅ ወጣች። ከእማማ ጣሳ ዘቢብ ሰረቅሁና ለአመዶ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ጣለው። ሁለተኛውን አፉ ውስጥ አዙሮ፣ አንገቱን አጣሞ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ዋጠው። ከኔ እጅ በላ! አያችሁ፣ ያልበላው የሷ ስለሆነ ነው። አራት አበላሁት።

ቀጥዬ ጓዳ ገባሁ። አረንጓዴው ዱቄት መደርደሪያው ላይ በጠርሙስ ተቀምጧል። ወስጄ ፍሳሹ ውስጥ ደፋሁት። ባዶ ጠርሙስ ግን ያሳብቃል። ስለዚህ ብስኩት ወቀጥኩና ሞላሁት። በራሷ እጅ ብስኩት ልታበላው ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ ኩራቴ አልለቀቀኝም።

ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ሥዕል እየሣልኩ ነበር። ጠርሙሱን አነሳች፣ ከፈተች። ወደ ውስጥ አየች። አሸተተች። ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና አውልቃ የነበረውን ጫማ አድርጋ ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ በፌስታል ሣር ይዛ መጥታ፣ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው መውቀጥ ጀመረች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። "ብትናገር ስለምትጋለጥ ነው" አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ሳይነሳ ሰባት ዘቢብና በወተት የራሰ ብስኩት ሰጠሁት። ብስኩቱን ልሶ ልሶ ጨረሰው። ከዚያ እማማ አልጋ ላይ ወጥቼ በጆሮዋ ሁሉንም ነገርኳት። ሙቀጫውን፣ ስሪንጁን፣ ዓርብ የተባለውን።

እማማ እንዴት አወቅሽ አላለችኝም። "አላልኩም?" ነው ያለችው። "አላልኩም ነበር?" ለማን እንዳለች ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለምሳ ወደ ቤት ስመለስ እማማ ሥራ ቤቱ መሃል ቆማለች። ወንበሩ ላይ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ልኬት ሊወሰድለት አፉ በጀሶ ተሞልቶ ተጋድሟል። አባቴ እጁ ነጭ እንደሆነ ከበላዩ ቆሟል።

"አንተ!" አለች እማማ። "ሚስትህ ጓዳ ውስጥ ምን እንደምትወቅጥ ታውቃለህ?"

"እማዬ፣ ሰው አለ።"

"ይኑር! ይስማ! ልጅቷ በዓይኗ አይታለች። መርዝ ነው። ዛሬ አይጡን ነው፣ ነገ ማንን ነው? እኔን ነው!"

ፀጉር አስተካካዩ "እምም" አለ።

"ከዛሬ በኋላ ከእጇ ውሃ አልጠጣም። ወይ እሷ፣ ወይ እኔ!"

ዘወር ስንል እሷ፣ አመዶን ልታበላ በምሳ ሰዓት ከሥራ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማለች። እንደ ልማዷ አልሰማናትም። አባቴ አያትና "ንገሪያት እንጂ" አለ፣ "ምን አድርገሽ ነው የምትሸከሚው? ንገሪያት!" ይሄን ሲል ዓይኑ ወደኔ ሄደ።

እሷ ፈጠን ብላ፣ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እማማ" አለች። "ምግቡን ባንድ ጊዜ ለወጥኩበት፣ አልተስማማውም። ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም።"

"ይኸው! ይኸው በአፏ!" እማማ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። "ሰምተሃል አይደል?"

ሰውዬው እኔ የለሁበትም ለማለት ሁለት እጁን አነሳ።

እሷ ወደ ውስጥ ገብታ ስትወጣ በአንድ እጇ የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ይዛለች። "አመዶን ላሳክመው ነው" አለች። "ከዚያ እህቴ ጋ አድራለሁ፤ እማማ ይረጋጉ።" አባቴ ሊከተላት ፈልጎ ነበር። ግን ጀሶው እየደረቀ ነው፤ በደቂቃው ካልወጣ ከሰውዬው አፍ በመዶሻ ነው የሚወጣው። እንደቆመ ቀረ።

እኔ ግን ተከተልኳት። ላሳክመው ያለችውን አላመንኩም። ቆዳ ፋቂ ቤት ነው የምትሄደው ብዬ ነበር። በየግድግዳው እየተደበቅሁ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ቲኬት ቆራጩ እኔን ሳይጠይቀኝ አለፈ። ትንሽ ስለሆንኩ አላየኝም አልኩ። ከፍላልኝ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የገባችበት ግቢ በሩ ላይ ፈረስ ተሥሏል። ውስጥ አንገቱ በፋሻ የታሰረ ውሻ ተኝቷል፣ አንዲት ሴትዮ ዶሮ ታቅፋ ተራ ትጠብቃለች። የእንስሳት ሐኪም ቤት ነው። ግራ ገባኝ፣ ግን ጥርጣሬዬን በቀላሉ አልለቀቅሁም። ከበሩ ውጭ ተለጥፌ አየሁ።

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የአመዶን አፍ ከፍቶ በትንሽ መብራት አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"ማነው ይሄን ሲያበላ የኖረው?"

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምን ምን?"

"ዳቦ፣ ብስኩት። ዘቢብም።"

"ሣርስ?"

"ከማክሰኞ ወዲህ ነው። ወቅጬ፣ በስሪንጅ፣ በጎን በኩል ትንሽ ትንሽ።"

"እስካሁን ያቆየው እሱ ነው። ግን አንቺ ሴትዮ፣ የዚህ ጥርስ እንዳንቺና እንደኔ በቃኝ ብሎ አይቆምም። ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። የሚሞረደው ሣር ሲያኝክ ነው። ለስላሳ ለስላሳውን ስታጎርሺው መንጋጋው መንጠቆ ሆኖ ምላሱን ወግቶታል። መብላት አስጠልቶት መሰለሽ? ያመዋል እኮ! ትልቅ ሰው አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ ዶክተር። ጥፋት ነው።"

አንገቷን ደፍታ ነው የቆመችው። አባቴ የግማሹን ሰፈር አፍ ሠርቷል። እኛ ቤት ውስጥ ግን ማደግ የማያቆም ጥርስ አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሐኪሙ የአመዶን ሆድ በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ።

"ተነፍቷል። አሁን ንገሪኝ፣ ዛሬ ጣፋጭ በልቷል? ካልበላ አሁኑኑ አደንዝዤ ጥርሱን እሞርደዋለሁ። በልቶ ከሆነ ግን ነፋሱ ሳይወጣ ካደነዘዝኩት አይነቃም።"

"ትናንት ሳይቀምስ አልቀረም..."

"ዛሬ ነው ያልኩሽ!"

የአመዶን ፎጣ አስተካከለች።

"ራሴ ነኝ የማበላው ብለሽ የለም? እንዴት አታውቂም?"

"አላውቅም፣ ዶክተር" አለች ድምፅዋን ቀንሳ። ስትንተባተብ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዞራ በሩን አላየችም። አንዴ እንኳ አልዞረችም።

የበሩን እንጨት ይዤ ነበር፣ ቀለሙ ተልጦ ጥፍሬ ሥር ገብቷል። መሮጥ ፈለግሁ። ዝም ብል እሱ እሷን ተቆጥቶ ይጨርሳል፣ እኔን ማንም አያውቀኝም። አመዶ ፎጣው ላይ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ በችኮላ ይተነፍሳል።

"ሰባት" አልኩ።

ሐኪሙ ቀና አለ። "ምን ሰባት?"

"ዘቢብ። ዛሬ ጠዋት። በወተት የራሰ ብስኩትም። ትናንት አራት። እኔ ነኝ።"

አልተቆጣኝም። ሰዓቱን አይቶ "ስንት ሰዓት ላይ?" ብቻ አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ እጁን ታጥቦ የአመዶን ሆድ ማሸት ጀመረ። እኛን ደጅ አስቀመጠን።

አግዳሚው ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ዶሮ የታቀፈችው ሴትዮ ገባች፣ ወጣች።

"እትዬ፣ ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ብስኩቱን።"

"ዱቄቱ እኮ ቡናማ ነው፣ አንቺ!" ብላ ሳቀች። "ቢያንስ ትንሽ ጎመን አትጨምሪበትም?"

እኔ አልሳቅሁም። "ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?"

የቅርጫቱን ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘረጋች። "እናቴ የሞተችው ውሃ አምጪልኝ ስትለኝ ስለዘገየሁ ነው ብለሽ ነበር አሉ። አባትሽ ነግሮኛል። የአራት ዓመት ልጅ!" ጨርቁን አጣጠፈች። "ይሄም ከሞተ ይሄንንም ልትጨምሪበት ነው። አንዱ ይበቃታል አልኩ።"

 ውሃውን ለማንም የነገርኩ አይመስለኝም ነበር።

ነፋሱ ሲወጣለት ሐኪሙ አደንዝዞ መንጋጋውን ሞረደው። ሲመሽ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተልፈሰፈሰ፣ ግን የሚተነፍስ አመዶ ሰጠን። "በየሦስት ሰዓቱ" አላት፣ "ሌሊትም ቢሆን።" እሷ ቅርጫቱን አየች፣ የልብስ ቦርሳዋን አየች። ቦርሳውን አነሳሁትና ወደኛ ቤት በሚወስደው አውቶቡስ በኩል መሄድ ጀመርኩ። ተከተለችኝ።

ቤት ስንደርስ እማማ በሩ ላይ ነበረች። አባቴም ከኋላዋ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ዘቢቡን፣ ብስኩቱን፣ የደፋሁትን ዱቄት፣ ሐኪሙ ስለ ጥርሱ ያለውን። ሁሉንም።

እማማ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ በእርጋታ "አስጠንታሻለች" አለች።

"አይ እማማ፣ እውነቴን ነው!"

"መንገድ ላይ አስጠንታሻለች። የሆስፒታሏ ልጄን ወሰደችብኝ፣ አሁን አንቺን ልትጨምር ነው።"

"እማዬ፣ በቃ!" አለ አባቴ። እናቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። እማማ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ወይ እሷ ወይ እኔ ያለችውን ደግማ አላነሳችውም። ግን ውሸቴን ለማመን አንድ ደቂቃ ያልፈጀባት ሴትዮ እውነቴን ልታምን አልቻለችም።

እትዬ በዚያ ሰሞን ማብላቱን አስተማረችኝ። በጀርባው አይተኛም፣ ያንቀዋል። ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ስሪንጁ ከፊት ጥርሱ ኋላ፣ በጎን በኩል ይገባል። አንድ ጠብታ፣ ከዚያ መጠበቅ። አገጩ ሲንቀሳቀስ ሌላ ጠብታ። "አትቸኩዪ" ትለኛለች፣ "አንቺ አይደለሽም የምትበይው፣ እሱ ነው።" ሣሩ ከአጠገቡ አይታጣም፣ ሚዛኑም በየቀኑ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ጥግ ተቀምጦ አንዲት የሣር ዘንግ ራሱ አንስቶ ክርት ክርት አደረጋት። እትዬ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። ያን ቀን የጎማ ሶሏ እንኳ ተሰማ። አመዶ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ።

ውሸቴ ግን ከሱ የበለጠ ዕድሜ ነበረው። እማማ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ከእትዬ እጅ አልበላችም። የራሷን በራሷ ድስት ታበስላለች፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ትጭናለች። እኔ በጸሎቴ ለእግዚአብሔር ተናዝዤ ይቅር ብሎኛል ብዬ አምናለሁ። እማማ ጋ ግን አልሠራም። በየዓመቱ "ያኔ እኔ ነኝ የዋሸሁት" እላታለሁ። "ውይ፣ እስካሁን ታስጠናሻለች?" ትለኛለች።

ሃያ ዓመት ሲሆነኝ እማማ አልጋ ላይ ዋለች። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት፣ መዋጥም ከበዳት። እንደዚያ ላለ ሰው የሚሆን ምግብ መሥራት የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እትዬ አጥልላ፣ አቅጥና፣ ትራሷን ከፍ አድርጋ ማንኪያውን አፏ ጋ ስታቀርብ እማማ ድዷን ገጠመች። አንድ ቀን ሙሉ አልቀመሰችም። በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ወደኔ አዞረችና በተጎተተ አንደበት "አንቺ መጀመሪያ" አለችኝ።

ቀመስኩ። አየችኝ። ዋጥኩ። አሁንም አየችኝ። ትንሽ ቆየችና አፏን ከፈተች።

አራት ወር፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እማማ አንድም ማንኪያ እኔ ሳልቀምስ አልዋጠችም። እትዬ ምን ተሰምቷት እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ቀን ቅር ብሏት አላየሁም። ሳህኑን ይዛ ትገባለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ የመጀመሪያውን ማንኪያ ገና ሳትጠየቅ ወደኔ ትዘረጋዋለች።

"ነይ ቅመሺ" ትለኛለች፣ "ሳይቀዘቅዝባት።"